ፎርፕሌይን ከቤዙ ጀምራችሁ ስሙት

ስሙዝ ጃዝ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሳክስፎን ተጫዋቹ ኬኒ ጂ ነው፣ የሆቴል ሎቢ፣ የሰርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ ሳይገቡ፣ የጥርስ ሀኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሙዚቃው ሁሌም ተከፍቷል ግን ማንም ልብ ብሎ አይሰማውም። እኔም ለስንት አመት እንደዛ ነበርኩ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ስነዳ ያኔ ስሙዝ ጃዝ ብቻ የሚያጫውት ሬዲዮ ጣቢያ ነበረ እና ተሳፋሪ ሲገባ እሱን ነበር የምከፍተው፣ ማንንም ስለማይረብሽ። ከዛ አንድ ማታ ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ሞተሩን አጠፋሁት፣ ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ፣ ክንዴን በሩ ላይ አስደግፌ ስለነበር ከድምፁ በፊት ንዝረቱ ነው የመጣልኝ፣ የበሩ ፕላስቲክ ክርኔ ስር ቀስ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ ቆም ይላል፣ ደሞ ይንቀጠቀጣል። ቤዝ ጊታሩ ነበር፣ ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚያወጣው። ስንት አመት በከፈትኩት ሙዚቃ ውስጥ እንደዚ የሚያወራ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር! ያን ማታ ሲጫወት የነበረው ባንድ ፎርፕሌይ ነው፣ እስካሁን ስሙዝ ጃዝን በደንብ መስማት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምሰጠውም የነሱን የመጀመሪያ አልበም ነው።

አልበሙ ራሱ ፎርፕሌይ ነው የሚባለው፣ በፈረንጆች 1991 የወጣ፣ 11 ትራክ ያለው፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። ሲወጣ የቢልቦርድ ኮንቴምፖራሪ ጃዝ ሰንጠረዥ ላይ 33 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

የኛ ሰው ጆሮ የለመደው ግጥም ነው። ዘፈን ሲከፈት መጀመሪያ "ምን አለ?" ነው የምንለው፣ ቃሉን እንይዝና ዜማው እሱን ተከትሎ ይገባል፣ ግጥም የሌለውን ሁሉ ደሞ ክላሲካል ብለን እናልፈዋለን። ስለዚ እንደዚ አይነት አልበም ሲከፈት ጆሯችን የሚይዘው ነገር ያጣና ሶስተኛው ደቂቃ ላይ ሀሳባችን የቤት ኪራይ ጋ ይሄዳል። ሳክስፎን ሲኖር ትንሽ ይቀላል ምክንያቱም ሳክስፎን እንደ ዘፋኝ ነው፣ ፎርፕሌይ ውስጥ ግን ሳክስፎን የለም፣ ፒያኖና ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ በቃ። የሚያዝ ነገር መምረጥ አለባችሁ፣ እኔ ደሞ የምላችሁ ቤዙን ያዙ ነው።

መጀመሪያ ግን የምትሰሙበትን ነገር አስተካክሉ። በስልኩ በራሱ ስፒከር አትስሙት፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው፣ ምክንያቱም የቤዝ ጊታር ወፍራሙ የኢ ክር ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ የዚህ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ኔታን ኢስት ደሞ ባለ 5 ክር ነው የሚታወቅበት፣ አምስተኛው ክር 31 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፣ የስልክ ትንሽ ስፒከር እዛ ድረስ መውረድ አይችልም። በስልክ ስትሰሙት ከአራቱ ሰዎች አንዱን ቀንሳችሁ ነው የምትሰሙት ማለት ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ጆሮ ላይ በደንብ የሚገጥም ተራ ኢርፎን ይበቃል፣ በደንብ የሚገጥም ስል ግን እውነቴን ነው፣ ኢርፎኑ ላላ ካለ ቤዙ ነው ቀድሞ የሚጠፋው፣ ስለዚ ጎማውን በጆሯችሁ ልክ ቀይሩት።

ከዛ ሙዚቃ የምትሰሙበት አፕ ውስጥ ግቡና የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ሸፍሉን አጥፉ፣ ዘፈኖቹን እያደባለቀ የሚያሸጋግረውን ክሮስፌድ የሚባለውንም አጥፉ፣ የድምፅ ማስተካከያው (ኢኳላይዘር) ላይ ቤዝ ጨምራችሁ ከሆነ ወደ ዜሮ መልሱት። ቤዙን ስሙ እያልኩ ቤዝ አትጨምሩ ማለቴ ግራ እንዳያጋባችሁ፣ ሲጨመር ያብጥና አንዱ ኖት፣ አንዱ ድምፅ ማለት ነው፣ ከሌላው ጋር ይለወሳል፣ እኛ የምንፈልገው ደሞ እያንዳንዱን ኖት ለይቶ መስማት ነው። ጥራቱን ከፍተኛው ላይ አድርጉት፣ በ320 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ማለት 144 ሜጋባይት ነው፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ በፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዳችሁ አስቀምጡት፣ መሀል ላይ እየተቆራረጠ ከሚያበሳጫችሁ።

አሁን ሰዎቹን እወቋቸው፣ ማን ምን እንደሚጫወት ሳያውቁ መስማት ስም ሳይጠይቁ ከሰው ጋር እንደመጨዋወት ነው። ፒያኖውና ኪቦርዱ ላይ ቦብ ጀምስ አለ፣ ከ70ዎቹ ጀምሮ ያለ ሰው፣ ሂፕሆፕ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ሳታውቁት ሰምታችሁታል፣ 1974 የሰራት ኖቲለስ የምትባል ስራው ስንት ራፐር ቆርጦ ተጠቅሞባታል። ድራሙ ላይ ሃርቪ ሜሰን፣ 1973 የሄርቢ ሃንኮክ ሄድ ሀንተርስ አልበም ላይ የተጫወተው። ጊታሩ ሊ ሪተናወር ነው፣ ከጣቱ ፍጥነት የተነሳ ካፒቴን ፊንገርስ የሚሉት። ኔታን ኢስትን ደሞ ከኤሪክ ክላፕተን ጋር ስንት አመት ሲጫወት፣ ኋላ ደሞ 2013 የዳፍት ፓንክ ጌት ለኪ የሚባለው ዘፈን ላይ ቤዙን ሲመታ ሰምታችሁታል። አራቱ አንድ ላይ የተገናኙት 1990 የወጣው የቦብ ጀምስ አልበም ሲቀዳ ነው፣ እዛ ስቱዲዮ ውስጥ ነገሩ ስለጣማቸው ባንድ ሆኑ። አራቱም ስቱዲዮ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ የሌላን ሰው ዘፈን ሳያጨናንቁ ማጀብ ስራቸው ነበር፣ እና ሙዚቃቸው ለስለስ ያለው ችሎታ አጥሯቸው ሳይሆን መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ነው።

እሺ፣ መስማት እንጀምር። የመጀመሪያው ዙር ላይ ምንም አትከታተሉ፣ ከባሊ ረን እስከ ሬን ፎረስት ዝም ብላችሁ አጫውቱት፣ ግን ስልካችሁን ገልብጡት። ሀሳባችሁ ቢሄድም ይሂድ፣ የትኛው ዘፈን እንደመለሳችሁ ብቻ ልብ በሉ፣ ያ ዘፈን ነው የናንተ መግቢያ የሚሆነው።

ሁለተኛው ዙር፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ ወደ 101 ኢስትባውንድ ሂዱ፣ ሁለተኛው ትራክ ነው። ይሄን ዘፈን ኔታን ኢስት ከወንድሙ ከማርሴል ጋር ነው የሰራው፣ ርዕሱ ውስጥም ስማቸው አለ። ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምራችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ፣ ጊታሩ ቆንጆ ነገር ቢያደርግም አትሂዱለት፣ ፒያኖው ቢጠራችሁም አትሂዱ። ከባድ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በየ20 ሴኮንዱ ይጠፋችኋል፣ ሲጠፋችሁ ወደኋላ አትመልሱት፣ እዛው ፈልጉት። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ ቤዙን አብራችሁት አንጎራጉሩ፣ ደረታችሁ ውስጥ። ልክ ባይመጣም ችግር የለውም፣ ማንጎራጎሩ ጆሯችሁን እዛ ያስረዋል፣ ኔታን ኢስት ራሱ እኮ ቤዙን እየመታ ቃል በሌለው ድምፅ አብሮ በማንጎራጎር የሚታወቅ ሰው ነው። ሁለት ሶስቴ እንደዚ ካደረጋችሁ በኋላ የምትደርሱበት ነገር አለ፣ ቤዙ ሁልጊዜ አይመታም። ይመታና ትንፋሽ ይወስዳል፣ ድራሙ እዛች ክፍት ቦታ ላይ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፣ ከዛ ይመለሳል። ያቺን ክፍተት የሰማችሁ ቀን ስሙዝ ጃዝ ተከፈተላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሎቢ ውስጥም ቢሆን ሳትሰሙት ማለፍ አትችሉም።

ድራሙን ለመከተል ደሞ ቁጠሩ። የኛ ጆሮ ጭክጭካ የለመደ ነው፣ ሶስት ሶስት እያለ የሚሄድ፣ ይሄ አራት አራት ነው። አንድ ሁለት ሶስት አራት እያላችሁ ሁለትና አራት ላይ በጣታችሁ መታ አድርጉ፣ አንድና ሶስት ላይ ከመጣባችሁ ቆም ብላችሁ እንደገና። ሁለትና አራቱ ከገባላችሁ በኋላ በመሀል ያሉትን ትንንሽ ምቶች ፈልጉ፣ ሃርቪ ሜሰን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ የሚያደርጋቸው፣ የሚሰሙ የማይመስሉ። እኔ ማሞቂያው ሲጠፋ ነው የሰማኋቸው፣ ስለዚ ፋን፣ ፍሪጅ፣ መስኮት፣ ዝም ማሰኘት የምትችሉትን ሁሉ ዝም አሰኙ።

ዜማው ጋ የምንመጣው አሁን ነው፣ ሆን ብዬ ነው ወደኋላ ያስቀመጥኩት። አብዛኛው ዘፈን አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፣ ዋናው ዜማ ይመጣል፣ ይደገማል፣ ከዛ አንዱ ሶሎ ይወጣል፣ ጎላ ብሎ ከራሱ እየፈጠረ ይጫወታል፣ መጨረሻ ላይ ዜማው ይመለሳል። ሶሎው ሲጀምር ብዙ ሰው የጠፋበት ይመስለዋል፣ አልጠፋባችሁም፣ ከስር ያሉት ኮርዶች፣ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች፣ የዜማው ኮርዶች ናቸው፣ ስለዚ ሶሎው ላይ ዋናውን ዜማ በልባችሁ እያዜማችሁ ስሙት፣ ጊታሩ ከናንተ ዜማ የት ላይ እንደሚርቅና የት ላይ መጥቶ እንደሚነካችሁ ይሰማችኋል። ትዝታ ወይ ባቲ ስንሰማ አምስቱ ድምፆች አይቀየሩም አይደል፣ ጆሯችን ማረፊያዋን ያውቃታል፣ እዛ እስክትመጣ ይጠብቃል። እዚህ ማረፊያዋ ራሷ ትንቀሳቀሳለች፣ ቦብ ጀምስ ግራ እጁ ላይ አንድ ኮርድ ቀየር ሲያደርግ ያቺው የዜማ ኖት፣ ምንም ሳትነካ፣ ከደስታ ወደ ናፍቆት ትሄዳለች። ይሄን ነገር ሲሆን ለመያዝ ዜማው አንድ ኖት ላይ ረዘም አድርጎ የሚቆይበትን ቦታ ጠብቁ።

ግጥም የናፈቃችሁ ደሞ ስድስተኛው ትራክ አለላችሁ፣ አፍተር ዘ ዳንስ፣ የማርቪን ጌይ የ1976 ዘፈን ነው፣ እዚህ የሚዘፍነው ኤል ዴባርጅ ነው። እኔ የምመክረው መጀመሪያ የማርቪንን ሰምታችሁ ወዲያው የነሱን ክፈቱ፣ ያው ዘፈን ነው ግን ባንዱ ለዘፋኙ እንዴት ቦታ እንደሚለቅለት፣ የትኛው ቃል መጨረሻ ላይ ማን እንደሚገባ ስሙ። ስንት አመት ሰው ሲያጅቡ የኖሩ መሆናቸው እዚህ ጋ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ድምፁ እየቀነሰ በሚያልቅ ዘፈን ላይ መጨረሻውን አትዝለሉት። ድምፁ ሲወርድ እናንተ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሰዎቹ ዋናውን ስራ ጨርሰው እየተዝናኑ ስለሚጫወቱ አንዳንዴ ምርጧ ነገር እዛ ናት ያለችው። ቀጣዩ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ግን ዝቅ አድርጉት፣ ጆሮ ነው።

መኪና ውስጥ ለምትሰሙ እንደኔ ላላችሁ፣ ሀይዌይ ላይ የጎማው ድምፅ ቤዙን ይበላዋል፣ በቃ አይሰማም፣ የመጀመሪያውን ዙር እየነዳችሁ ስሙ፣ ሁለተኛውን ግን ቆማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ክርናችሁን በሩ ላይ አድርጋችሁ።

ይሄ አልበም ሲያልቅላችሁ ወደ 1995ቱ ኤሊክሰር ሂዱ፣ ሊ ሪተናወር ከባንዱ ጋር የሰራው የመጨረሻው ነው፣ ከዛ ወዲያው የ1998ቱን 4 የሚባለውን ክፈቱ፣ እዛ ጊታሩን ላሪ ካርልተን ተረክቦታል። ሶስቱ ሰዎች ያው ናቸው፣ ቤዙ ያው ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የተቀየረው። ሁለቱንም ጊታሩን ሳይሆን ቤዙን እየተከተላችሁ ስሙ፣ ኔታን ኢስት ጓደኛው ሲቀየርበት አጨዋወቱን የት የት ጋ እንደለወጠ ፈልጉ፣ ያገኛችሁትን ደሞ ፃፉልኝ፣ እኔ እስካሁን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የያዝኩት።