ሃምሳ ለሞላው የክፍል ጓደኛ ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይደገሳል

በ1986 ዓ.ም. ማትሪክ የተፈተነ ሁሉ አሁን ሃምሳን እየነካ ነው። ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረ፣ ፍኖተ ሰላም ዳሞት ተማረ፣ ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ተማረ፣ ነገሩ አንድ ነው። ከቴሌግራም ግሩፑ አንዱ በሆነ ሌሊት ይነሳና «ዘንድሮ እኮ ሃምሳ ልንሞላ ነው፣ ለምን አንገናኝም?» ይላል። ሃያ ሰው አውራ ጣት ይልካል። ከዚያ ዝም። በዓመቱ ሌላው ያንኑ ይጠይቃል።

ይሄ ጽሑፍ ከአውራ ጣቱ ወዲያ ላለው ነው። ቦታው ባሕር ዳር ይሁን ብዬ የምጽፈው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ከማርቆስም፣ ከዳንግላም፣ ከሞጣም ለሚመጣው ይቀርባል፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ደግሞም አብዛኛው ጎጃሜ እዚያ ቢያንስ አንድ ዘመድ አያጣም። የዘመዱ ነገር በኋላ ይጠቅመናል።

ልደቱ የማን ነው?

ቀልድ አይደለም። በእኛ ዘመን የተወለድንበትን ቀን የምትነግረን እናት ናት፣ እሷም «የኅዳር ጽዮን ሰሞን፣ ጤፍ ሲታጨድ» ነው የምትለው። መዝገብ ላይ ያለውን ቀን አንደኛ ክፍል የመዘገበን አስተማሪ በግምት ጽፎታል። ውጭ የሚኖሩት ላይ ደግሞ ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ዓመት የተጨመረባቸው አሉ። ስለዚህ ትክክለኛውን ቀን ፍለጋ አትድከሙ። ቀኑን በእርግጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ የእሱን ወይም የእሷን ቀን ያዙና ሌሎቻችሁ ተደረቡበት። ከሌለ ለሁላችሁም አንድ ቀን ቁረጡ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ በስሙ የሚደገስለት ሰው አዘጋጅ አይሁን። ሥራውን ለእሱ ከጣላችሁበት የልደቱን ቀን ስልክ ሲመልስ ነው የሚውለው።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚፈርሰው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አቅም ያጠረው ሰው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ አይቀርም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፣ «ልጄ አሟት ነው» ይላል፣ እናንተም ታምኑታላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልታዩት የጓጓችሁት ልጅ በዚህ ምክንያት ይቀራል። መዋጮው መቆረጥ ያለበት በአስመጪው ኪስ ሳይሆን ገጠር ቀበሌ በሚያስተምረው ጓደኛችሁ ደሞዝ ልክ ነው። ሆቴሉም፣ ጀልባውም፣ እራቱም ከዚያ በታች ይሰፋል። ካልበቃ ሁለቱን ሌሊት አንድ አድርጉት እንጂ መዋጮውን አትጨምሩ።

አሰባሰቡን አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፣ ዕቁብ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ ዕጣ ብቻ አይኖረውም። ቢያንስ ከስምንት ወር በፊት ጀምሩና በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይግባ። ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሩቅ ያለው በቴሌብር ለገንዘብ ያዡ ይልካል። ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚል ዝርዝር ግን ግሩፑ ላይ አትለጥፉ። ጠቅላላው ድምር ብቻ ይነገር። የዘገየውን ዳኛው ለብቻው ደውሎ ይጠይቀው፣ ሲጠይቅም ቀስ ብሎ።

አሜሪካ ያለው ልጅ «እኔ ሁሉንም እችላለሁ» ሊል ይችላል። አመስግናችሁ እምቢ በሉት። እሱ ከቻለው የእሱ ግብዣ ሆነ ማለት ነው፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል፣ እንግዳ ደግሞ እንደ ልቡ አይጫወትም። አንድ ነገር ይሸፈን ካለ ጀልባውን ስጡት። የሌላ ሰው መዋጮ መሙላት የሚፈልግም በገንዘብ ያዡ በኩል ያድርገው፣ የተሞላለት ሰውም ማን እንደሞላለት አይወቅ።

መጠጥ ከመዋጮው ይውጣ። የማይጠጣው ጴንጤ፣ ሙስሊሙ፣ ስኳር ያለበት፣ ሁሉም ለሌላው ቢራ ሊከፍሉ አይገባም። የሚጠጣ የጠጣውን ይክፈል። «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» የሚለው ትግል መነሳቱ አይቀርም፣ እዚያ ላይ ይታገሉ።

ቀን መምረጥ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ወጣ። ነሐሴ ፍልሰታም ዝናብም አለ፣ ወጣ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው። ጥር ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው፣ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾምባቸው ለምግብ ይመቻሉ፣ ግን ሚያዝያና ግንቦት ባሕር ዳር ትሞቃለች፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰውነት ደግሞ ሙቀት አይወድም።

የእኔ ምርጫ የጥቅምት አጋማሽ ነው። አገሩ ገና አልደረቀም፣ ጢስ ዓባይ ውኃ አለው፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወጪም አልፏል። ችግሩ ወባ ነው፣ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ወቅቷ ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ሌላም ቀን በተጠባባቂ ያዙ። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ይሄን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። በመኪና የሚመጣ በዋዜማው በየከተማው ያለ ዘመድ ጋ ደውሎ ይጠይቅ፣ በቀን ብቻ ይጓዝ፣ ካላማረው ይመለስ። ከአዲስ አበባ በማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ተነስቶ የዓባይን በረሃ በጠዋቱ ቀዝቃዛ መሻገር፣ ደጀን ላይ ቁርስ መብላት፣ ሰላም ሲሆን ከዚህ የተሻለ ጉዞ የለም። ጥርጣሬ ካለ ግን አውሮፕላን። ሆቴሉም ቀን ቢቀየር ቀብዱን የሚያሸጋግር መሆኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ኢንተርኔት ሊጠፋ ስለሚችል የሁሉንም ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ።

ማን ይጠራል

ሁሉም። ግሩፑ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፣ እሱ ስማርት ስልክ ያለው ነው። አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰችው፣ ዘጠነኛ ላይ የተዳረችው፣ ማትሪክ ወድቆ እርሻ የገባው፣ እነሱም የክፍሉ ልጆች ናቸው። በስልክ ፈልጓቸው። አንድ የሰፈር ልጅ ሁሌም የሁሉንም አድራሻ ያውቃል።

ሚስትና ባል ይምጡ ወይስ አይምጡ? ይሄ ያጣላል። እኔ ቅዳሜ ማታ የክፍሉ ልጆች ብቻ፣ እሑድ ምሳ ከነቤተሰብ በሚለው ነኝ። ባልሽ የማያውቀውን የፊዚክስ መምህር ቀልድ ለሦስት ሰዓት ማስረዳት ለእሱም ቅጣት ነው።

የክፍል ኃላፊ የነበሩት መምህር በሕይወት ካሉ ጥሯቸው። መልእክት አትላኩ፣ ሁለት ሰው ቤታቸው ይሂድ፣ «ጋሼ፣ ልጆችዎ ሃምሳ ሞላን፣ ይመርቁን» ይበል። መኪና ላኩላቸው፣ የሚያደርስም የሚመልስም። ቢራው ከእሳቸው በኋላ ይጀመር። እሳቸው ፊት የሚያሳፍር ጨዋታ አትጀምሩ፣ የድሮ ኩረጃ ግን ተናዘዙ፣ ደስ ይላቸዋል፣ አብዛኛውን እኮ ያውቁት ነበር።

የድሮ ቅጽል ስም ጉዳይ፦ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ሠላሳ ዓመት የተሸከሙት ቁስል ነው። አስቀድማችሁ ለብቻ ጠይቁ። ፖለቲካ ደግሞ ከማዕድ ላይ ይነሳ፣ ዳኛው ይሄን መጀመሪያውኑ ያስታውቅ። አሁን ባለንበት ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ያጣው ነገር አለ፣ የሚያነሳው ሰው ደግሞ የማን ወንድም የት እንዳለ አያውቅም።

አልጋ

ሐይቅ ዳር ያለው ውድ ነው፣ መሀል ከተማ ያለው ይረክሳል፣ ከሁለቱም ጣና በባጃጅ ቅርብ ነው። ስለዚህ ርካሹን ያዙና ሲመሽ ሐይቅ ዳር ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ጉልበቱ ለሚያመው ምድር ቤት ክፍል ይያዝ። ዘመድ ጋ የሚያድር ካለ ይደር፣ መዋጮውም ይቀንስለት፣ አዘጋጆች ይሄን ይረሱታል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጣና

ጀልባውን ከቀናት በፊት ኮንትራት ያዙ፣ ዋጋውን ደርሶ መልስና የመጠበቂያ ጊዜውን ጨምሮ ጨርሱ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ይናወጣል፣ ያኔ ግማሹ ሰው ያስመልሰዋል።

የት? ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። የክፍሉን ሴቶች ጀልባ ላይ ትቶ መግባት የለም፣ ስለዚህ ከዕቅዱ ይውጡ። እንጦስ ኢየሱስ ሁሉንም ያስገባል። ዋናው ግን ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው፣ ከዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፣ ጥላ አለው፣ ቀስ ካሉ ለማንም ጉልበት ይሆናል። የአቡነ በትረ ማርያም በትር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል፣ አስጎብኚው ሳይነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ ይንገረው። ነጠላ ያዙ። የመግቢያና የአስጎብኚ ገንዘብ ከመዋጮው ይከፈል፣ በር ላይ ቆሞ ማዋጣት ያሳፍራል።

ስትመለሱ ባለ ጀልባው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያዙርላችሁ፣ ዕድል ካላችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። ዋና ግን ተዉ፣ ልጅነት አይደለም፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚሁ ቀን አትደርቡት። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሳብ በበጋ ታይቶ የሚያሳዝን ነው፣ በመስከረምና በጥቅምት ግን ያዋጣል፣ መንገዱም ድንጋያማ ነው። የሚፈልግ እሑድ በሚኒባስ ይሂድ። ከምሳ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ምንም ፕሮግራም አትያዙ። ምንም። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ የሚያወራው ያኔ ነው፣ የተገናኛችሁትም ለዚያ ነው። ሲበርድ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ፣ ፎቶውንም እዚያው ጨርሱ፣ ማታ ላይ ዓይን ሁሉ ቀልቶ ነው የሚወጣው። አንድ ዓይነት ቲሸርት ማሳተም? ገንዘቡን ለምግቡ አድርጉት።

ማታው

ምግብ ላይ አንድ ምክር፦ ማዕከሉ ዓሣ ይሁን። የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚለው አይነሳም፣ ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ኮተሌቱም እዚህ እንደ ልብ ነው። ዓርብ ማታ ከሆነ ግን ጾም ላይ ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ሽሮና በያይነቱ ይታዘዝ። ዶሮ ወጥ ካማራችሁ ሆቴሉን ተዉትና እዚያ ከተማ ያለችው የአንዳችሁ እህት ትሥራው፣ የሽንኩርቱንም የድካሟንም ክፈሉ። ዘመድ ይጠቅመናል ያልኩት ለዚህ ነው። ኬኩም አይከፋም፣ ግን በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ መምህሩ ባርከው ቢቆርሱት ይበልጣል።

የስም ጥሪ ይኑር። የድሮውን የክፍል ዝርዝር በቁጥር በቁጥር አውጡ፣ መምህሩ ይጥሩ፣ ያለው «አቤት!» ይበል። ያረፉት ስማቸው ሲጠራ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ቤተሰባቸው ምን ላይ እንዳለ የሚያውቅ ይናገር። ለእነሱ ልጆች መዋጮ ማሰባሰብ ካሰባችሁ ግን ማዕድ ላይ አትጀምሩ፣ በሳምንቱ ይሁን።

አዝማሪ ካመጣችሁ ከሰዓት በኋላ ለብቻው አግኙት። የባለ ልደቱን ስም፣ አገሩን፣ ያቃጠለችውን ልጅ፣ የወደቀበትን ፈተና ሹክ በሉት። የቀረውን እሱ ያውቃል። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ከዓርብ ጀምሮ መንዝራችሁ ያዙ፣ በእስክስታው መሀል መቶ ብር ዘርዝሩልኝ ማለት ጨዋታ ይገድላል።

እሑድ የሚያስቀድስ ያስቀድሳል፣ የሚተኛ ይተኛ፣ ከዚያ የቤተሰብ ምሳ፣ ከዚያ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይን ማየት። የዘጌ ቡና የምትገዙ እዚያው ዘጌ ግዙ። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ እስከ ረቡዕ ከነደረሰኙ ያሳውቅ፣ የተረፈ ካለ ለሁሉም እኩል ይመለስ፣ «ለሚቀጥለው ይቀመጥ» የሚል ካለም መጀመሪያ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ቀኑን ይቁረጥ።