ሳሎንን ቡና በወተት በሚመስል ቤዥ ለመቀባት

ቤዥ ብርሃን የሚያታልለው ቀለም ነው። ሱቅ ውስጥ ሞቅ ብሎ ያማረዎት፣ ካዛንቺስ በፎቆች ጥላ ሥር ያለ ሳሎን ላይ ሲቀባ ጭቃ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉን ይዩ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈበት ነጭ አምፖል ቤዥን ያገረጣዋል፤ ከ2700 እስከ 3000 ያለው ግን ሙቀቱን ያወጣዋል። አምፖል መቀየር ቤት እንደገና ከመቀባት ይረክሳል።

ቀጥሎ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ካርቶን ነጭ ይቀቡና፣ ሲደርቅ የመረጡትን ቤዥ ሁለት እጅ (ማለትም ሁለት ጊዜ) ይደርቡበት። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይመልከቱት። እርጥቡን አይመኑ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። የክረምቱ ደመና ብርሃኑን ስለሚያቀዘቅዘው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላው ይሻላል። ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም የሚለው የውጭ አገር ምክር እዚህ በከፊል ብቻ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 36 ካሬ ገደማ ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር አንድ እጅ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 8 ሊትር ይያዙ። ቀለሙ በእጅ የሚበጠበጥ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ባልዲ በአንዴ ያስበጥብጡ። ሲያልቅ የሚጨመረው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱም ቤዥ ላይ ቶሎ ይታያል።

ብዙ ቀለም የሚላጠው ከሥሩ ባለው ነገር ነው። ግድግዳውን በመዳፍዎ ያሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘዎት አሮጌ ኖራ ነውና ተፍቆ ይታጠብ። የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። አዲስ ልስን 28 ቀን ያህል ይድረቅ። እርጥበት ካለ መጀመሪያ የሚያፈሰው ቧንቧ ይጠገን፤ ቀለም ውኃ አያቆምም። ስንጥቁን በስቱኮ (የግድግዳ መሙያ ሊጥ) ሞልተው ሲደርቅ ይፈትጉት፤ አቧራውን ጠርገው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ይቀቡ። ስቱኮ የገባበት ቦታ ያለ ፕራይመር ቀለሙን ስለሚመጠው ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

ከኮርኒሱ ይጀምሩ፤ ድምቅ ካለ ነጭ ይልቅ ክሬም ነጭ ከቤዥ ጋር ይስማማል። ከዚያ የግድግዳውን ጠርዝና የዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ጠርዝ) ዳር በብሩሽ፣ መሀሉን በሮለር። አንዱን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ መሀል ላይ ካቆሙ መጋጠሚያው መስመር ይሠራል። ሁለተኛውን እጅ ቢያንስ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ በክረምት በማግሥቱ ይቀቡ። ውኃ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው በላይ አይጨምሩ፤ የሳሳ ቀለም ሦስተኛ እጅ ያስፈልገዋል።

ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ የሚታጠብ ሳቲን (በመጠኑ የሚያብለጨልጭ ቀለም) ይፈልጋል። በጣም የሚያብለጨልጨውን ግን ይተዉት፤ የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቀው ያኑሩ፤ ግድግዳው በኋላ ሲቆሽሽ ነጥቡን ብቻ መቀባት እንደ ልጥፍ ስለሚታይ፣ የሚበቃ ካለ ያን ግድግዳ ሙሉውን ይድገሙት።