ቻይንኛ ስትጀምሩ በፊደላችን አትጻፉት

ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ ወይም ዱከም አካባቢ ከቻይናውያን ጋር የምትሠሩ፣ ቋንቋውን ለመጀመር ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቃላቱን በፊደላችን ጽፋችሁ አትሸምድዱ። ፊደላችን የድምፁን መውጣትና መውረድ አያሳይም፤ በማንዳሪን (በመደበኛው ቻይንኛ) ደግሞ ትርጉም የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው። «ማይ» የሚለውን ዝቅ አድርጋችሁ ካላችሁት መግዛት ነው። ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ከጣላችሁት መሸጥ ይሆናል። ዋጋ ስትነጋገሩ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ፒንዪን ተማሩ። ቻይና በ1958 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው፣ ቋንቋውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ዘዴ ነው። አራቱ ቃናዎች፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ከአናባቢው በላይ በምልክት ይታያሉ። ብቻ እንደ እንግሊዝኛ እንዳታነቡት፤ ኪው ወደ «ች»፣ ኤክስ ወደ «ሽ» ይጠጋሉ።

ቁጥር ቀላል ነው። እስከ አስር ከያዛችሁ እስከ 99 ጨረሳችሁ ማለት ነው፤ 20 «ሁለት አስር»፣ 35 «ሦስት አስር አምስት» ነው።

ለንባብ ስልካችሁ ላይ የፒንዪን ኪቦርድ ጫኑ። ድምፁን ስትጽፉ የቻይንኛ ጽሕፈት ምልክቶችን ይደረድርላችኋል፣ ትክክለኛውን ለይታችሁ ትመርጣላችሁ። በእጅ መጻፉ ይቆይ (አስተማሪዎች ይቆጡ ይሆናል፣ ይቆጡ)። መጀመሪያ በርና ማሽን ላይ የሚለጠፉትን ልመዱ፦ መግቢያ፣ መውጫ፣ ተጠንቀቅ። የመግቢያና የመውጫ ሁለተኛው ምልክት አንድ ነው፣ ባዶ አራት ማዕዘን። ዓይናችሁን የመጀመሪያው ላይ ጣሉ።