ነጠላ ዘርጊ ሸረሪቶችን መለየትና በትክክለኛ ስማቸው መጥራት፦ ጎንደር ላይ ሆነው ለሚጀምሩ

ክረምቱ እንደወጣ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ አንገረብ ግድብ ዳር ወይም ወደ ቁስቋም አቀበት ውጡ። ቁጥቋጦው ላይ ትናንሽ ነጠላ የተሰጣ የሚመስል ድር ካያችሁ የምትፈልጉትን አግኝታችኋል ማለት ነው። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ ያው ድር ዓይናችሁ ሥር ሆኖም አይታይም። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ያሉት ጠዋቶች ሊያመልጧችሁ አይገባም።

በአማርኛ ሁሉም «ሸረሪት» ነው። «ነጠላ ዘርጊ» የሚለው ለዚህ መመሪያ የተመረጠ መጠሪያ እንጂ የቆየ ስም አይደለም። በሳይንሱ አስተኔው (ቤተሰቡ) ሊኒፊዴ ይባላል። ቃሉ የመጣው «በፍታ ሸማኔ» ከሚል ግሪክኛ ነው፤ ከሸማኔ ሰፈር አልወጣንም። አስተኔው ከ4,800 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በብዛት የሚበልጡት ዘላይ ሸረሪቶች ብቻ ናቸው። ችግሩ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚያክሉና ለዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ መሆናቸው ነው። የሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ያለ ማይክሮስኮፕ እንደማይሠራ ሁሉ እዚህም ያለ ማይክሮስኮፕ የዝርያ ስም አይወጣም።

መጀመሪያ ድሩን ማንበብ

የነጠላ ዘርጊ ድር አግድም የተዘረጋ ስስ ንጣፍ ነው። ከንጣፉ በላይ የተዘበራረቁ ክሮች ቆመዋል፤ የሚበሩ ነፍሳት እነሱን ሲገጩ ንጣፉ ላይ ይወድቃሉ። ሸረሪቷ ከንጣፉ ሥር ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች። የወደቀውን ከታች ሆና በንጣፉ ውስጥ አሳልፋ ትነክሰዋለች፣ ጎትታ ታወርደዋለች፣ ቀዳዳውን በኋላ ትጠግናለች። ጥቃቅኖቹ ደግሞ ድራቸውን መሬት ላይ ነው የሚሠሩት። ጭቃ ላይ የቀረ የከብት ኮቴ ጉድጓድ ጥቂት ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ድር ጥሩ ቦታ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በብርሃን አቅጣጫ ማየት ይጠይቃል።

አሳሳቾቹ ሦስት ናቸው። ንጣፉ አንድ ጥግ ላይ ወደ ቱቦ የሚጠብ ከሆነና ሸረሪቷ ከላይ ሆና ወደ ቱቦው ከሮጠች የዚህ አስተኔ አይደለችም። ቁልቋል ላይ የሚታየው ትልቅ ድንኳን መሰል ድር ሲርቶፎራ የሚባሉት ሸረሪቶች ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ንጣፉ እንደ ወንፊት እኩል እኩል ዓይን አለው። የነጠላ ዘርጊ ንጣፍ ግን ክሩ ሥርዓት የለውም። ቤት ጣሪያ ጥግ ላይ የምትኖረው፣ ስትነካ ሰውነቷን የምታወዛውዘው ባለ ረጃጅም እግሯ ደግሞ ፎልሲዴ የሚባለው አስተኔ አባል ናት።

ሸረሪቷን ከመያዛችሁ በፊት ድሩን ፎቶ አንሱ። ጤዛ ከሌለ ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን የውሃ መርጫ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ጉሙን ብቻ ድሩ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ከቀረባችሁ ጠብታው ይከብድና ድሩ ይበጠሳል። ዱቄት አትነስንሱ፤ ክሩ ላይ ተጣብቆ ንጣፉን ያጎብጠዋል።

ድሩ የሚነግራችሁ እስከ አስተኔ ብቻ ነው። ከድር ፎቶ ተነስቶ የዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው እየገመተ ነው።

መያዝና ማቆየት

በጣት የተያዘች ሸረሪት እግሯን ጥላ ትሄዳለች። መሳቢያ ቱቦ መሥራት ቀላል ነው፦ ውስጣዊ ስፋቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ 40 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ከፋርማሲ የተገዛ ጎዝ በሁለት ድርብ አድርጉና ሌላ አጭር ጠንካራ ቱቦ ሰክታችሁ አጥብቁት። በረጅሙ ቱቦ ነፃ ጫፍ በአፋችሁ ትስባላችሁ፣ ሸረሪቷ በአጭሩ ቱቦ ገብታ ጎዙ ላይ ትቀራለች። ጎዙ ካልተደረበ ጥቃቅኖቹ አፋችሁ ውስጥ ይገባሉ።

ለመሬት ኗሪዎቹ ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበትን፣ ቀዳዳው 1 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ ወንፊት ውሰዱ። ከወይራ ወይም ከጥድ ሥር የረገፈውን ቅጠል በአቡጀዲ ላይ ንፉና ሁለት ደቂቃ ሳትነቃነቁ ጠብቁ። ወዲያው የሚንቀሳቀሰው ጉንዳን ነው፤ ሸረሪቶቹ ዘግይተው ነው የሚነሱት። የዱቄት ወንፊት አይሆንም፤ ቅጠሉን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ዓይነት ዛፍ የበዛበት ግቢ፣ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ማቆያው 70 በመቶ ኤታኖል ነው። ያላችሁ 96 በመቶ ከሆነ 730 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ270 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። አረቄ አይሠራም፤ የአልኮሉ መጠን ስለሚያንስ ከሳምንታት በኋላ ሆዷ ይላሽቅና ስትነኳት ትፈርሳለች። ለዲኤንኤ የሚፈለግ ካለ ግን 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ውስጥ ለብቻ ይቀመጥ። በአንድ ድር ላይ የተገኙ ወንድና ሴት አንድ ብልቃጥ ውስጥ አብረው ይቆዩ፤ ወንዱና ሴቷ የአንድ ዝርያ መሆናቸውን የሚያመለክት ጥሩ ፍንጭ ነው።

መለያ ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል እንጂ ውጭ አይለጠፍም። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ በአንድ ሌሊት ይሟሟል። አገር፣ ክልል፣ ቦታ፣ የጂፒኤስ ቁጥር በአራት አሥርዮሽ፣ ከፍታ በሜትር፣ የተገኘችበት ዕፅዋት፣ ቀን፣ የያዘው ሰው ስም ይስፈርበት። እኛ ዘንድ ብዙ ናሙና የሚበላሸው ቀኑ ላይ ነው። መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም. የተያዘችን ሸረሪት «25/1/2016» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌላ አገር ያለ ሰው ጃንዋሪ 2016 ብሎ ያነበዋል። እውነተኛው ቀን ግን 6 ኦክቶበር 2023 ነው። ስለዚህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በቃል ወይም በሮማውያን ቁጥር ጻፉ። ሰዓት ከጻፋችሁም «ጠዋት 1 ሰዓት» ለሌላው ዓለም 7 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

በማይክሮስኮፕ ሥር

ቢያንስ 40 እጥፍ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ለጥቃቅኖቹ 80 እና ከዚያ በላይ። ትንሽ ሳህን ውስጥ የታጠበ ነጭ አሸዋ አድርጉ፣ አልኮል አፍስሱበት፣ ሸረሪቷን አሸዋው ላይ እንደ ልባችሁ አዘንብላችሁ አስቀምጡ። አሸዋ ከሌለ ትገለባበጣለች፤ የተለያየ ማዕዘን ደግሞ የተለያየ ቅርጽ ያሳያል።

አስተኔውን የሚያረጋግጡ ምልክቶች አሉ። እግር ጫፍ ላይ ሦስት ጥፍር፣ በሁለት ረድፍ ስምንት ዓይን፣ መንጋጋው ውጫዊ ጎን ላይ በአብዛኞቹ የሚታይ እንደ ሞረድ የተሰመረ ጥርብ፣ የታችኛው ከንፈር ጠርዝ ወፈር ማለት። የተበጠሰ እግር ካለ የት ላይ እንደተበጠሰ እዩ፦ በዚህ አስተኔ በአራተኛውና በአምስተኛው አንጓ (በፓቴላና በቲቢያ) መካከል ነው። የተበጠሰውን እግር አትጣሉ፣ ብልቃጡ ውስጥ ይቆይ። ዋናው ማረጋገጫ ግን ወንዱ ላይ ነው፤ እሱን ወረድ ብለን እናያለን።

ቀጥሎ እሾህ ቆጠራ ነው። ከአንደኛው እስከ አራተኛው እግር፣ የእያንዳንዱ ቲቢያ ጀርባ ላይ ያሉትን ትልልቅ እሾሆች ቆጥራችሁ በተርታ ጻፉ፦ 2፣2፣2፣2 ወይም 2፣2፣1፣1 ወይም 1፣1፣1፣1። አራተኛው እግር ላይ ሁለት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ ሊኒፊኔ፣ አንድ ከሆነ ወደ ኤሪጎኒኔ ንዑስ አስተኔ ያመራል፤ ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ። እሾህ ይረግፋል። ስለዚህ የቀኙንም የግራውንም እግር ቁጠሩ፤ የጎደለ ሲመስላችሁ የወደቀበትን ክብ ጠባሳ ፈልጉ።

ከዚያ አንደኛው እግር ላይ፣ ስድስተኛው አንጓ (ሜታታርሰስ) ጀርባ ላይ አንድ ብቻዋን የቆመች፣ ከሌሎቹ ይበልጥ የቀጠነች ፀጉር ታገኛላችሁ። መሠረቷ ጽዋ ይመስላል፤ ሌሎቹ ፀጉሮች ጋደም ሲሉ እሷ ቀጥ ትላለች። ስሟ ትራይኮቦትሪየም ነው። ከአንጓው መነሻ (ወደ ሰውነት ካለው ጫፍ) እስከ እሷ ያለውን ርቀት ለአንጓው ሙሉ ርዝመት አካፍሉ። አንጓው 0.60 ሚሊሜትር ሆኖ ፀጉሯ 0.27 ላይ ካለች ውጤቱ 0.45 ነው። ከተሳሳተው ጫፍ የለካ ሰው 0.55 ያገኝና ሌላ ወገን (ጂነስ) ውስጥ ይገባል። አራተኛው እግር ላይም ያችው ፀጉር መኖር አለመኖሯን መዝግቡ። ይህ ቁጥርና የእሾሁ ተርታ አንድ ላይ ሆነው ከብዙ መቶ ወገኖች ወደ ጥቂቶቹ ያወርዷችኋል።

ፊቷን ሳታዩ አትለፉ። ከዓይኖቿ ሥር ጉድጓድ ወይም ቦይ ካለ ሚኖግሌኒኔ የሚባለው ንዑስ አስተኔ ናት። እነዚህ በዋናነት በአፍሪካ ተራሮችና በኒውዚላንድ የሚገኙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ የተገኙ አዳዲስ ዝርያዎቻቸው ታትመዋል። የአውሮፓ መለያ ቁልፍ (ምልክቶችን ደረጃ በደረጃ እያስመረጠ ወደ ስም የሚያደርስ ጽሑፍ) ይዛችሁ ብትሠሩ እነዚህን አታገኟቸውም፤ ቁልፉ ግን መልስ መስጠቱን አይተውም፣ የተሳሳተ ስም ይሰጣችኋል። ለደጋው ናሙና ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው።

ዝርያውን የሚወስነው የመራቢያ አካል ነው። ወንዱን የምታውቁት ከአፉ ጎን ያሉት ሁለቱ አጫጭር እግር መሳይ አካላት (ፓልፕ) ጫፋቸው እንደ ቦክስ ጓንት ስለሚያብጥ ነው። በልማድ የግራው ይሣላል፤ ቀኙን ከሣላችሁ ገልብጣችሁ መሆኑን ጻፉ። ከውጭ በኩል በተናጠል የተሰካች፣ መንጠቆ የምትመስል ቁራጭ አለች፤ ፓራሲምቢየም ትባላለች። ከላይ ያልነው ዋና ማረጋገጫ እሷ ናት፤ ቅርጿም ለዝርያ መለያ ይጠቅማል። ሴቷ ላይ የምታዩት ከሆዷ ሥር ያለውን ጠንካራ ሰሌዳ (ኤፒጋይን) ነው። የውስጡን ቱቦ ለማየት በቀጭን መርፌ ቁረጡት፣ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዩትና ወደ ቅርንፉድ ዘይት አሸጋግሩት፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከ70 በመቶው በቀጥታ ካሸጋገራችሁት ውሃው ዘይቱን እንደ ወተት ያነጣዋል። ፓልፑ ያላበጠ፣ ሰሌዳውም ያልጠነከረ ከሆነ ገና ልጅ ናት፤ አስተኔዋን ጽፋችሁ ተዉአት።

ስሙን ማንበብና መጻፍ

ሳይንሳዊ ስም በላቲን ፊደል ይጻፋል፦ ወገኑ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ዝርያው በትንሽ፣ ሁለቱም ጋደም ብለው። ከኋላ የሰያሚው ስምና ዓመት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ይከተላል። ያ በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ዝርያው መጀመሪያ የተሰየመው በሌላ ወገን ሥር ነበር ማለት ነው። ሊኒፊያ ትሪያንጉላሪስ (ክለርክ፣ 1757) ቅንፍ ያገኘችው ክለርክ አራኔየስ ብሎ ስለጻፋት ነው፤ ሊኒፊያ የሚለውን ወገን ላትሬይ የፈጠረው በ1804 ነው። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ስሞችን የሚቀበለው ከ1758 ጀምሮ ቢሆንም የክለርክ የሸረሪት ሥራ ግን በልዩ ሁኔታ ተቀባይነት አለው።

ስም እንዴት እንደሚዞር ለማየት ከቴኑይፋንቴስ ቴኑይስ የተሻለ የለም። ብላክዎል በ1852 ሊኒፊያ ቴኑይስ አለው፤ ኋላ ሌፕቲፋንቴስ ውስጥ ገባ፤ በ1996 ሳሪስቶና ታናሴቪች አዲስ ወገን አበጁለት። የዝርያው ቃል፣ ብላክዎል እና 1852 ግን ሳይነኩ አብረው ይዞራሉ። አንዳንዴ የቃሉ መጨረሻ ይለወጣል፦ ሊኒፊያ ሜላኖፒጊያ፣ ትርጉሙ «ጥቁር ዳሌ»፣ ኦስቴሪየስ ወደሚባለው የወንዴ ጾታ ወገን ሲገባ ሜላኖፒጊየስ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በሁለቱም መጨረሻ ሞክሩ። አሁን የሚሠራበትን ስም የምታጣሩት በስዊዘርላንድ በርን ካለው የዓለም ሸረሪት ካታሎግ ነው፤ በነፃ ይከፈታል።

ዝርያው የትም ተመዝግቦ የማይገኝ ከመሰላችሁ አትቸኩሉ። እነዚህ ሸረሪቶች ክር ለቀው በነፋስ ይበራሉ፤ ከጎንደር የያዛችሁት ከሌላ አህጉር የተገለጸ ሊሆን ይችላል። አዲስ መሆኑ ከተረጋገጠ ገለጻው መታተም፣ አንድ ናሙና ዋና መጣቀሻ ሆኖ መመደብና የሚቀመጥበት ሙዚየም መጠቀስ አለበት፤ ኅትመቱ ኤሌክትሮኒክ ብቻ ከሆነ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ፌስቡክ ላይ የወጣ ስም ስም አይደለም። ከቦታ ስም ሲወጣ «ኤንሲስ» ይጨመራል፣ ጎንደሬንሲስ እንደማለት። የወንድ ስም በ«ኢ»፣ የሴት በ«ኤ» ያልቃል። እንደ ቋ እና ጸ ያሉትን ድምፆች ለማሳየት ነጥብ ወይም ጭረት መጨመር አይፈቀድም። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ አይከለክልም፤ ሰው ግን ይስቃል።

እስከዚያ ድረስ ጊዜያዊ መለያ ስጡ፦ «ኤሪጎኒኔ፣ ጎንደር 01»። «ዝርያ 1» ብቻ አትበሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው ብልቃጥ ውስጥ አንድ «ዝርያ 1» አለ። ስሙ በኋላ ሲታወቅ፣ ወይም ሲለወጥ፣ አዲስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን፣ የለየውን ሰውና ዓመቱን ጽፋችሁ ጨምሩበት። አሮጌውን ወረቀት ግን አታውጡ።