ሁሉም ሰው ግራጫ የለበሰበት ክሊፕ ልትሠሩ ነው?

በየሁለት ሦስት ወሩ አንድ ልጅ ስክሪፕት ይዞልኝ ይመጣል። ሳልከፍተው ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው ግራጫ ለብሷል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰለፋል። ትልቅ ስክሪን ላይ አንድ ሰውዬ ይለፈልፋል። ከመሃል ዘፋኙ ቀና ይላል፣ ይሮጣል፣ የሆነ ነገር ይሰብራል፣ ከዚያ ጭፈራ። ሐሳቡን አልጠላውም። የኔም የመጀመሪያ ክሊፕ ይኸው ነበር፣ እግዜር ይስጠውና አሁን የትም አይገኝም። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም አይቼ አይቼ ስለታከተኝ ነው የምጽፈው።

ሰልፈኞቹን መርሳት

ብሩ ሁሉ ዘፋኙ ላይ ያልቃል። ልብስ፣ ሜካፕ፣ ድሮን፣ የኪራይ መኪና። ሰልፈኞቹስ? «አርባ ልጅ ከሰፈር እንሰበስባለን።» አርባው ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጠራል፣ ቁርስ የለም፣ ምን እንደሚሠራ የነገረው የለም፣ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ይውልና ስምንት ሰዓት ላይ «በሉ እንደ ሮቦት ሂዱ!» ይባላል። ኧረ ተዉ! በዚህ ዓይነት ክሊፕ ውስጥ ዋናው ተዋናይ ሰልፉ ነው። ዘፋኙ የሚያምፀው በማን ላይ ሆነና? ሰልፉ ካላስፈራኝ የሱ መሮጥ ምኑ ጀግንነት ነው? አርባ ሰው እየተሳሳቀ፣ አንዱ ካሜራውን እያየ፣ ሌላው ስልኩን እየነካካ ከሄደ እኔ የሚታየኝ የሠርግ አጃቢ ነው።

ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣውን ሜትሮፖሊስ የተባለ ፊልም እዩት። ድምፅ የለውም። አንዱ ትዕይንት የፈረቃ ቅያሪ ነው፣ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው በእኩል እርምጃ ይገባሉ፣ ሌሎቹ ይወጣሉ፣ በቃ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ይጨንቃል። ያንን ያመጣው የካሜራ ዋጋ አይደለም፤ የሰዎቹ እግር ነው።

አሁን ደግሞ ቀረጻ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር። ድምፅ ቀርፋፋ ነው። በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ስፒከሩን ካሜራው አጠገብ አስቀምጣችሁ ሰልፉ ወደ ኋላ 35 ሜትር ከተዘረጋ፣ የመጨረሻው ረድፍ ምቱን የሚሰማው ከፊተኛው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (25 ምስል) ለሚቀርፅ ሰው ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ስክሪን ላይ ግን ሰልፉ እንደ መቶ እግር ይልወሰወሳል። እኔ ይህን ያወቅኩት ኤዲቲንግ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ያውም የኋላ ረድፍ ልጆችን «ጆሮ የላችሁም ወይ?» እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስጮህባቸው ከዋልኩ በኋላ። ጆሮ ነበራቸው። ዘግይቶ የደረሳቸውን ድምፅ ነበር የሚከተሉት፣ እኔ ነበርኩ ደደቡ። ስፒከሩን ከሰልፉ ጎን መሃል ላይ አድርጉት፣ ችግሩ በግማሽ ይቀንሳል። የኋለኛው ደግሞ ጆሮውን ትቶ ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ ይከተል።

ጫማም አለ። ቱታ ታሰፋላችሁ፣ አርባው አንድ ዓይነት፣ ያምራል። ጫማ ግን ከየቤታቸው ያደረጉት ነው። አንድ ጊዜ ካሜራውን መሬት ላይ አስተኝተን የእግር ሾት ቀረፅን፤ አቧራ፣ ጥቁር ቡት፣ ጥቁር ቡት፣ ጥቁር ቡት፣ ከዚያ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ ጠፍ ጠፍ ጠፍ እያለ አለፈ። ልጁ ቡቱ ጠቦት ነው ያወለቀው። ምርጡ ሾታችን ነበር፣ ተጣለ። እዚያ ልጅ ላይ መናደድ አይቻልም። የጫማ ቁጥራቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ግራጫውን ኤዲቲንግ ላይ መፈለግ

«ቀለሙን እናወርደዋለን» የሚል ሰው ስሰማ ያመኛል። ቀለሙን ስታወርዱት የሁሉም ይወርዳል፣ የአማፂዋ ቀይ ቀሚስም ጭምር። የኛ ቆዳ ደግሞ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ግራጫውን ልብሱና ግድግዳው ላይ ጨርሱት፣ ፊት ፊት ይምሰል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተላለፈውን የ60 ሰከንድ ማስታወቂያ ታስታውሱት ይሆናል፣ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የሠራውን። ወንዶቹ ራሳቸውን ተላጭተው አመድ መስለዋል፣ አንዲት ሴት ብቻ በቀይ ቁምጣ መዶሻ ይዛ ትሮጣለች። ማን እንደሆነች ማንም አልነገረን። ቁምጣው ነግሮናል።

ኮንዶሚኒየም ላይ የምትቀርፁ ደግሞ፣ ሕንፃው አንድ ዓይነት ነው ብላችሁ ነው የሄዳችሁት አይደል? ቀና በሉ። በየበረንዳው ብርድ ልብስ፣ የሕፃን ልብስ፣ በርበሬ ተሰጥቷል። ወይ ቅዳሜ አትሂዱ፣ ወይ ስክሪፕቱን ቀይሩ።

ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ያመፀ ዘፋኝ

ሁሉም ተላጭቷል፣ እሱ ፀጉሩን ተሠርቷል። ሁሉም ቱታ ለብሷል፣ እሱ የቱታውን እጅጌ ቆርጦ ሰንሰለት አድርጓል፣ መነፅርም አለ። ታዲያ ምኑ ተለወጠ? ገና ሲገባ ነፃ ነው እኮ። እሱም መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ይሁን፣ ከሰልፉ ውስጥ እስክንፈልገው ድረስ። ዘፋኞች ይህን አይወዱም፣ «አድናቂዎቼ አያውቁኝም» ይላሉ። አንዱን ሁለት ሰዓት ለምኜ እምቢ አለኝ፣ ብሩም የሱ ነበር፣ ተሸነፍኩ። ክሊፑ ሲወጣ ሕዝቡ የጻፈው ስለ መነፅሩ ነው።

የፖሊስ ዩኒፎርም

ከፖሊስ ወይም ከወታደር ልብስ ጋር የሚመሳሰል ነገር አልብሳችሁ ያለ ፈቃድ መንገድ አትውጡ። ግማሽ ቀን ጣቢያ ተቀምጠን እናውቃለን። ዘፋኙ አብሮን አልተቀመጠም።

የተዋሳችሁት ዓለም

የጋዝ ጭምብል፣ አንገት ላይ ባርኮድ፣ የእንግሊዝኛ መፈክር። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? የናንተን አባት ማን ባርኮድ ለጠፈበት? እሱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ሲያስተጋባ ነው የኖረው። ጠይቁት፣ ከየትኛውም ስክሪፕት የተሻለ ይነግራችኋል፣ እጁ እንዴት ይዝል እንደነበር ሳይቀር።

የእንግሊዞቹ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይዶች እንኳ ሩቅ አልሄዱም፤ ትምህርት ቤት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ዘ ዎል» ፊልማቸው ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ጭምብል አጥልቀው ተሰልፈው ሥጋ መፍጫ ውስጥ ይወድቃሉ። አስተማሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ለዚህ ነው የሚሠራው። ባለፈው አንዲት ልጅ ያመጣችው ስክሪፕት ላይ ከተማ የለም፣ ስክሪን የለም። የጠዋት ሰልፍ ነው። ዩኒት መሪው መቀስ ይዞ በረድፎቹ መሃል ይሄዳል፣ ፀጉሩ ያደገ ልጅ አናት ላይ አንድ መስመር ይቆርጥና ያልፋል። ልጁ በማግስቱ መስመሩን ሳይላጭ ይመጣል። አለቀ። ወንበሬን ልለቅላት ምንም አልቀረኝም።

ስሎው ሞሽን

በ50 ፍሬም ቀርፃችሁ በ25 የምታሳዩ ከሆነ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱ፣ አለዚያ ከንፈሩ አይገጥምም። ይህን በ2018 ዓ.ም. እየነገርኩ መሆኔ ያሳዝነኛል።

መጨረሻው ጭፈራ

ሁሉም ግራጫውን ያወልቃል። ውስጡ ባለ ቀለም ቲሸርት አለ። ከዚያ አርባው ሰው አንድ ዓይነት ዳንስ በአንድ ምት ይጨፍራል። አያችሁ? ሰልፉ ተመለሰ፣ የተቀየረው ቀለሙ ነው።

ትልልቆቹም እዚህ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ወይም ሆን ብለው ይጫወቱበታል። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት የሬዲዮ ጋ ጋ ክሊፕ ከዚያው ከሜትሮፖሊስ ምስል ወስደው አስገቡበት፣ የአድናቂዎቻቸውን ማኅበር አባላት ደግሞ አንድ ዓይነት አልብሰው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እንዲያጨበጭቡ አደረጉ። የሚያመልክ ሕዝብ ይመስላል፣ ደስም ይላል፣ ትንሽም ያስፈራል። በዓመቱ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985)፣ ለኛው ረሃብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 72 ሺህ ያህል ሰው ኩዊን ዘፈኑን ሲጫወቱ ማንም ሳያዘው ያንኑ ጭብጨባ አጨበጨበ። እኔ ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር ወዴት እንደምመድበው ይጠፋኛል። ዘፋኟ ጃኔት ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ሪዝም ኔሽን ላይ ጥቁር ዩኒፎርም አልብሳ በጥቁርና ነጭ ስትቀርፅ ግን ምርጫው ግልፅ ነው፤ እዚያ እኩል መርገጡ የአማፂዎቹ ነው። እናንተ መርጣችሁ ከሆነ እሰየው። ዳንስ አሠልጣኙ ስለመጣ ብቻ ከሆነ ግን ይቅር።

ባለፈው የመጣውን ልጅ ጠየቅሁት።

«ስንቱ ነው ነፃ የሚወጣው?»

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ይጨፍራሉ።»

«ሁሉም? አንድ እንኳ ቤቱ መሄድ የሚፈልግ የለም?»

ሳቀና ጭንቅላቱን አከከ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ ዘፋኙ የለም። ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ ቱታውን አውልቆ ያጣጥፋል፣ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ነጠላ ጫማውን ያደርግና በአቧራው መሃል ይሄዳል። ቅዳሜ እንቀርፀዋለን። ያንን ባለ ነጠላ ጫማ ልጅ ስልክ እያፈላለግሁ ነው።