ለሰውና ለደን ጤና ጥናት ገንዘብ ስትጠይቁ ከፈቃዱ ጀምሩ

ለጥናታችሁ ድጋፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ርዕሳችሁ ሰውንና ደንን የሚያገናኝ ከሆነ የምታንኳኩት ሁለት በር ነው። ሰዎችን ስለ ጤናቸው ለመጠየቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልጋችኋል። ከደኑ ቅጠል ወይም ትንኝ ለመሰብሰብ ደግሞ ደኑን የሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። ናሙናው ለዘረመል ምርምር ድንበር የሚሻገር ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮልም አለ፤ ይህ የዘረመል ሀብት አጠቃቀምንና የጥቅም ክፍፍሉን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ገንዘቡ ተገኝቶ ወረቀቱ ሲዘገይ ወቅቱ ያመልጣችኋል፤ ዝናቡ ይቆማል፣ ትንኙም ይጠፋል። ስለዚህ የፈቃዱን ሂደት ዛሬውኑ ጀምሩና ማመልከቻው ላይ የት እንደደረሰ ጻፉ። ገምጋሚ እንዲህ ያለውን ያምናል።

ጥያቄያችሁን ደግሞ አጥብቡት። «ደን ለጤና ያለው ጥቅም» በጣም ሰፊ ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ በባህላዊና በተሻሻለ ምድጃ በሚያበስሉ 30 ቤቶች ውስጥ፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው የጭስ ብናኝ ምን ያህል ይለያያል? በሳምንት የሚነደው እንጨትስ? ብናኙን የምትለካ መሣሪያ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣላችሁ፣ እንጨቱን በሚዛን ትመዝናላችሁ። ሳንባውም ዛፉም በአንድ ጥናት ተነኩ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን በጣም ነው የምወደው።

በጀቱ ላይ ብዙዎች የሚረሷት አንዲት መስመር አለች፦ ውጤቱን ይዞ ወደነዚያ ቤቶች የመመለሻ ትራንስፖርት።