ዳቦና ቆሎ ለቀነሰ ሰው የሚሆን የቡና ቁርስ

ዳቦና እንጀራ ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ምሳ ላይ አይደለም፤ ቡና ሲፈላ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ ቡና ያለ ቁርስ አይቀርብም፤ ቁርሱ ደግሞ የገብስ ቆሎ፣ አምባሻ ወይም ድፎ ዳቦ ነው። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ 30 ግራም ቢሆን፣ ከ20 ግራም ያላነሰ ካርቦሃይድሬት አለው። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት አራት ጊዜ የዘገነ ሰው ምሳ ላይ የተወውን እንጀራ መልሶ በላው ማለት ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካለበት በሦስት ሲኒ ሌላ 24 ግራም ይጨመራል። ስለዚህ መጀመሪያ ምትክ የሚፈለገው ለቡና ቁርሱ ነው።

ምትክ መስሎ የሚያታልል ብዙ ነገር አለ። በሶ፣ ቂንጬ፣ አጃ፣ ቡላ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የጤፍ ቂጣ፣ ሁሉም የስታርች ምግብ ናቸው። ጤፍ ፋይበርና ብረት ስላለው የተከበረ እህል ነው፤ ይሁን እንጂ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። የሽምብራ ቆሎም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከደጋው እህል ለዚህ የሚሆነው ተልባ ነው። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ ካለው 29 ግራም ካርቦሃይድሬት 27ቱ ፋይበር ነው፤ ፋይበር ደግሞ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ ተልባ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ ሊጡን ስለሚያያይዘው የስንዴን ሙጫ ተክቶ ይሠራል።

ተልባውን አበጥረው ይልቀሙ። ለብ ባለ ምጣድ ላይ አንድ ሁለቱ መንጣጣት እስኪጀምር ብቻ ያሙቁትና ያውርዱ። ለብጥብጥ እንደሚቆላው አጥብቀው ከቆሉት ይመርራል፣ ማያያዙም ይቀንሳል። ወፍጮ ቤት ባይወስዱት ይሻላል፤ ከስንዴ ወይም ከገብስ ቀጥሎ ከተፈጨ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ይደባለቅበታል። በሙቀጫ ወይም በቤት የቡና መፍጫ አልመው ይንፉት። የሳምንት ብቻ ይፍጩ፤ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። የቀለም ሽታ ካመጣ ይጣል።

ለፍስክ ቀን ቂጣ 60 ግራም የተልባ ዱቄት (ዘጠኝ የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ ሁለት እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። መትተው ለአስር ደቂቃ ይተዉት። በዚህ ጊዜ ሊጡ ይወፍራል፤ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ መሆን አለበት፣ ካልሆነ አንድ ማንኪያ ውሃ ይጨምሩ። ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱ፣ እሳቱን መካከለኛ ያድርጉ፣ ሊጡን በማንኪያ ጀርባ ያሳሱና ለሦስት ደቂቃ ይክደኑት። ከዚያ ገልብጠው ሳይከድኑ አንድ ደቂቃ ያቆዩት። መሃሉ የሚያሟልጭ ከሆነ ወይ ወፍሯል፣ ወይ አስር ደቂቃውን አልጠበቁለትም።

የጾሙ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላልም አይብም ስለማይነካ፣ ከዳቦ የራቀ ሰው በዚህ ወቅት ነው ተስፋ የሚቆርጠው። 150 ግራም የተልባ ዱቄት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅለው፣ 200 ሚሊ ሊትር (ሦስት የቡና ሲኒ የማይሞላ) የፈላ ውሃ ከእሳት እንደወረደ ያፍስሱበት። ለብ ያለ ውሃ አይሆንም፤ ልጋጉ በደንብ ስለማይወጣ ሊጡ ይፈረካከሳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃም አያቆዩት። በማማሰያ አገላብጠው አስር ደቂቃ ሲያርፍ በእጅ የሚታሽ ሊጥ ይሆናል። በአራት ከፍለው በሁለት ንጹሕ ላስቲክ መካከል ያሳሱትና በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጋግሩት።

ከዚሁ ሊጥ ዳቦ ቆሎ ይወጣል፤ ለቡና የሚመረጠውም እሱ ነው። ውሃውን ከማፍሰስዎ በፊት 50 ግራም ሰሊጥና አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ይጨምሩ። ሊጡን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አሳስተው በትንንሹ ይክተፉትና በዝቅተኛ እሳት፣ ሳይከድኑ፣ እያገላበጡ 40 ደቂቃ ያህል ያድርቁት። ከከደኑት በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል፤ እሳት ካበዙበት ውጪው አርሮ ውስጡ ይረጥባል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱት።

የተልባ ቂጣ እንደ እንጀራ ወጥ አይመጥም። ወጡን ወፈር አድርገው ይሥሩ፤ ወይም የጥቅል ጎመን ቅጠል ሁለት ደቂቃ በፈላ ውሃ ነክረው በእሱ ይጉረሱ። ሽሮና ምስር ወጥ ራሳቸው ካርቦሃይድሬት እንዳላቸው ግን አይዘንጋ።

ተልባ ለማያዘወትር ሆድ በቀን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጀመራል፤ ውሃም በብዛት ይጠጣበታል። አለበለዚያ ይነፋል፣ ያደርቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተልባው በፊት ወይም በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያራርቅ ይመከራል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ዳቦና እንጀራ በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ መጠኑ እንዲስተካከልለት አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ግዴታው ነው።

ከተልባ ሌላ፣ ለውዝ በ100 ግራም ከፋይበሩ ውጪ 8 ግራም ያህል ብቻ ካርቦሃይድሬት አለው። የተጨማደደውን፣ የሻገተውንና የሚመረውን ለቅመው ይጣሉ፤ የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ከገበያ የተቀላቀለ ቆሎ ሲገዙ ለውዙን ለብቻ ያስመዝኑ። የዱባ ፍሬ በየቤቱ መጣሉ ያሳዝናል፤ አጥበው፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ያሳድሩት፣ አድርቀው በዝግታ እሳት 15 ደቂቃ ይቁሉት።

ጾም ካልሆነ አይብ አለ። አይብ እሳት ላይ እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፤ ይህ ለጥብስ ይጠቅማል። 200 ግራም አይብ በሻሽ ጠቅልለው ድንጋይ ጭነው ለሁለት ሰዓት ያጥልሉ። አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄትና ትንሽ ሚጥሚጣ ጨምረው፣ አድቦልቡለውና ጠፍጠፍ አድርገው በሸኖ ቅቤ ይጥበሱት። መጥበሻው ላይ የሚበተነው ውሃው ሳይወጣ ሲቀር ነው፤ ማጥለሉን አያቻኩሉት። ቅርጹ ይዞ ጎኑ ሳይቀላም አይገልብጡት።

የተቀቀለ እንቁላል ለሥራ ቦታ ይመቻል። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ላይ አስኳሉ እንዲጠነክር ውሃው ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 11 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስታቀርቡ በአንድ ሰፌድ አታቅርቡ። ለውዙም ቢሆን ቅባት ስላለው እፍኙ 170 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ክብደት የሚቀንስ ሰው ሳይለካ ከዘገነ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ለእያንዳንዱ በቡና ሲኒ ይሰፈርለት። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ደግሞ የራስዎን የተልባ ዳቦ ቆሎ ለሁሉም በሚበቃ መጠን ይዘው ይሂዱ፤ የሰው ዳቦ እምቢ ከማለት ለሁሉም የሚሆን ይዞ መገኘት ይቀላል፣ ባለቤቷም ቅር አይላትም።